ያሰረ ይቅደም

ባህሩን መንደሩ መጠርጠር የጀመረው በጀሪካኑ ምክንያት ነው።

ሱቄ ጓንግ ወንዝ ዳር ነው፤ የመሻገሪያው ሽቦ ከታሰረበት ከዲዛው ዛፍ ፊት ለፊት። ወደ ማዶ የሚሻገር ሁሉ ባትሪውን፣ ስኳሩንና ሳሙናውን ከእኔ ገዝቶ ስለሚያልፍ የማላየው ሰው የለም። «የዘሀቢያ ዓይን አያርፍም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ባለሱቅ ዓይኗ ካረፈ ዕቃዋ እግር ያወጣል።

ሽቦ ሽቦ እንላለን እንጂ ነገሩ ሁለት ነው። ታችኛው ከአሮጌ ክሬን የተፈታ የብረት ገመድ ሲሆን እሱ ለእግር ነው፤ ላይኛው የእጅ መያዣ የናይሎን ገመድ ነው። ክረምት ገብቶ ጓንግ ከሞላበት ጊዜ አንስቶ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ማዶ ካሉት የሰሊጥ እርሻዎች ጋር የሚያገናኘን ይኸው ነው። ድልድይ አለ፤ ግን ከላይ በኩል በጫካው ዞሮ ነው። በዚያ መንገድ ሽፍታ ስለማይጠፋ የሚሄድበት የባሰበት ሰው ብቻ ነው።

የሽቦው ጠባቂ ባህሩ ነበር። ይወጥረዋል፣ ግሪስ ይቀባዋል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፤ የፈራ ሰው ሲያጋጥመው ከፊት ከፊቱ እየሄደ ያሻግረዋል። አንድ ደንብ አለን፤ ያሰረ ይቅደም። ጎርፍ ባለፈ ቁጥር፣ ሽቦው በተነካ ቁጥር፣ ሰው በተጠራጠረ ቁጥር መጀመሪያ የሚሻገረው ያሰረው ሰው ነው። ይህን ማንም አልጻፈልንም፤ ግን ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ የምናምነው እሱን ነበር።

በመስከረም ማለቂያ ማዶ ያለው የአዱኛ እርሻ ካምፕ ተዘረፈ። አዱኛ ዓይን የማይጨርሰው ሰሊጥ የሚያርስ ባለሀብት ነው። ሽፍቶቹ በሞተር ሳይክል የመጡት ጠባቂዎቹ ለገበያ ወደዚህ በተሻገሩበት ቀን ነበር። ትራክተሩን አቃጠሉ፣ ስንቁን ጫኑ፣ ሠራተኛውን ደብድበው በተኑት። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱት ሠራተኞች ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው በሽቦው ወደ እኛ መንደር መጡና ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሠፈሩ። ከዚያ ወዲያ ማዶ የሚሻገር ሰው ጠፋ። ሰሊጥ ደግሞ ትዕግሥት የለውም። በደረሰ በጥቂት ቀን ካልታጨደ አፉን ይከፍትና ፍሬውን አፈር ላይ ያፈሰዋል። የዓመት ድካም በአንድ ነፋስ ያልቃል።

ታዲያ ጠባቂዎቹ የሌሉበትን ቀን ለሽፍቶቹ ማን ነገራቸው? መንደሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ጥላው የረዘመ ሰው ሁሉ ያስደነግጠን ጀመር።

ያኔ ነው ጀሪካኑ የታየው። ቀትር ላይ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ሥር ምላሱን በሚጎትትበት ሰዓት ባህሩ ጀሪካን አንጠልጥሎ በሽቦው ማዶ ይሻገራል። ሲመለስ ጀሪካኑ ባዶ ነው። አንዱ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ሞተር ሳይክል በውሃ አይሄድ» አለ። ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚህ በላይ ማንም አልተናገረም፤ ግን በማግሥቱ ባህሩ ሰላም ሲል የሚመልስለት ሰው አነሰ። እኔም ብሆን ስኳሩን ስመዝንለት ዓይኑን ዓይኑን አየው ነበር።

ሚስቱ መነን የጠረጠረችው ሌላ ነገር ነው።

«ዘሀቢያ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሱቄ ጓዳ ገብታ። «ባሌ ቤት ከመግባቱ በፊት ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ እጁን በኦሞ ይፈትጋል።»

«ንጹሕ ሰው ነዋ።»

«እስከ ክንዱ?»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ማዶ፣ ከካምፑ አጠገብ፣ ሻይ የምትሸጥ አንዲት መልከ መልካም ሴት እንደነበረች ሁላችንም እናውቃለን። ከዝርፊያው በኋላ ከሌሎቹ ጋር አልተሻገረችም፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። መነን የምታውቅ መስሏታል።

በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለባት። የመንደሩ ሚሊሻ አዛዥ ለይኩን ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ለባህሩ የዳራትም እሱ ነው። ያን ሰሞን ለይኩን ሱቄ ይመጣና የስኳር ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ወንዙን ያያል። አንድ ቀን እህቱ ስትገባ አገኛት።

«ባልሽ ቀትር ቀትር ላይ የት ነው የሚሄድ?»

«ግሪስ ሊቀባ ነዋ፣ ወንድምዓለም» አለችው ቶሎ ብላ።

«በየቀኑ?»

«ፀሐዩ ያደርቀዋል።»

ባሏ ሌላ ሴት ይዞባታል ብላ ለወንድሟ መናገር አፍራ ነው የዋሸችው። ለይኩን ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ውሸት መሆኑን አውቋል፤ የምን ውሸት እንደሆነ ግን አላወቀም።

በማግሥቱ መነን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸንፍጣ ባሏን ተከተለችው። ከሱቄ ሆኜ አየኋት። ሽቦው ላይ ልትወጣ ብላ አንዴ ተመለሰች፤ ቅናት ግን ከፍርሃት ይበረታል። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር፤ ቀጥታ እኔ ጓዳ ገባችና እየሳቀች አለቀሰች።

ማዶ ሽቦው የታሰረበት ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ። ባህሩን ያገኘችው በጉልበቱ ተንበርክኮ ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ የዛፉ ግንድ ውስጥ ከትቶ ነው።

«ሴትዮዋ የታለች?» አለችው።

«የምን ሴትዮ?»

ከዚያ አሳያት። ከውጪ ሲታይ ዛፉ ደህና ነው፤ ቅጠሉም አረንጓዴ ነው። ከሥሩ በኩል ግን ምስጥ ገብቶበት ልቡን በልቶ ጨርሶታል። የቀረው ልጡና ከዳር ያለው ቀጭን እንጨት ነው። በጀሪካን የሚያመላልሰው ከትራክተር ነጂዎች የለመነው የተቃጠለ ዘይት ነበር። በእኛ አገር ምስጥ የሚፈራው እሱን ነው፤ የቤት ምሰሶም ሲተከል እሱን ይቀባል። ባህሩ ቀዳዳው ውስጥ ዘይቱን እያፈሰሰ፣ ከዛፉ አጠገብ ደግሞ ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር፤ ከተቃጠለው ትራክተር አክሱን፣ ጎማዎቹን የሚያያይዘውን ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ፈትቶ በዛፉ ፋንታ ሊተክለው። ጉድጓዱ መሃል ላይ አለት ገጥሞታል።

«ለምን አልተናገርህም?» አለችው።

«ለማን? ለወንድምሽ? ‹ዛፉ እዚህ እስኪደርስ የት ነበርህ› ነው የሚለኝ። በዚህ ሰሞን ደግሞ ‹ሆን ብሎ ነው› ይላል። ሽቦውን ይነጥቀኛል፤ እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? አክሱን እስክተክል አፍሽን ያዢልኝ። ከተተከለ በኋላ ሁሉንም ራሴ እናገራለሁ። እስከዚያ የሚሻገርም የለ።»

በማርያም ማለችለት። በሽቦው ስትመለስ ግን፣ ስትሄድ ያላየችውን አየች። ከእግሯ ሥር ያለው ብረት፣ ከብረቱ ጫፍ ያለው ዛፍ፣ ዛፉ ውስጥ ያለው ባዶ። «ስሄድ የፈራሁት ሴትዮዋን ነበር» አለችኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ወላሂ፣ የሰው ምሥጢር እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ለይኩን ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ቁጣ የለውም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

«መነን፣ አንቺ የእናቴ ልጅ ነሽ። ትናንት ማዶ ተሻግረሽ እንደነበር ሰዎቼ አይተውሻል። ምን አየሽ?»

«ምንም።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ወይ ከእኔ ነሽ፣ ወይ ከሱ።»

«እህትህም ነኝ፣ ሚስቱም ነኝ። የትኛውን እግሬን ልቁረጥልህ?»

ለይኩን ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። ከሄደ በኋላ መነን ሣጥኑ ላይ ተቀመጠችና «ሽቦው ላይስ ቢሆን የሚይዙት ገመድ አለ» አለችኝ።

ከዚያ አዱኛ መጣ። ሰሊጡ አፉን መክፈት ጀምሯል። ለይኩን ሚሊሻዎቹን ሰብስቦ፣ አዱኛ ሠራተኞቹን አሰልፎ ማለዳ ላይ ዲዛው ሥር ተገኙ። ማጭድ በየወገቡ፣ ስንቅ በየትከሻው። መንደሩም ለማየት ወጣ። ባህሩ ከሰው መሃል ገብቶ ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ ቆመ።

«ዛሬ አይሆንም» አለ። «የማዶው ሮቃ በምስጥ ተበልቷል። ይህን ሁሉ ሰው አይችልም። አክስ ልተክል ጉድጓድ እየቆፈርሁ ነው፤ ጥቂት ቀን ስጡኝ።»

አዱኛ ሳቀ። «ጥቂት ቀን! ሰሊጤ አፈር ላይ ከፈሰሰ በኋላ?»

«እንግዲያው አንድ በአንድ፣ እየተራራቃችሁ ተሻገሩ። ሁለት ሰው ባንዴ እንዳይወጣበት።»

ለይኩን ወደፊት መጣ። «አንድ በአንድ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ በአንድ እየተሻገርን ማዶ አንድ በአንድ እንድንለቀም።»

«ለይኩን፣ እኔ የእህትህ ባል ነኝ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው እስካሁን የታገሥሁህ።»

መነን ወጣች። «እውነቱን ነው፣ ወንድምዓለም! በዓይኔ አይቻለሁ። ጀሪካኑ የተቃጠለ ዘይት ነው፤ ለምስጡ ነው!»

ለይኩን ዞሮ አያት። ያን አስተያየት አልረሳውም። «መጀመሪያ ግሪስ ነው አልሽኝ። ቀጥለሽ ምንም አላየሁም አልሽኝ። አሁን ደግሞ ምስጥ ሆነ። ነገስ ምን ልትዪኝ ነው?»

እኔም አላስቻለኝም። «እኔም ሰምቻለሁ! አንድ ሰው ላክና ዛፉን ይየው፣ ምን ቸገረህ?»

«ከማን ሰማሽ?»

«ከመነን።»

«እሷስ?»

«ከባሏ።» እውነት ከአንድ ምንጭ ተቀድቶ በሦስት አፍ ሲነገር የተመከረበት ሴራ ይመስላል። አንድ ሚሊሻ ከኋላ «አንድ ሰው ልከን እንዲያግቱብን ነው?» አለ፤ ሕዝቡም አጉረመረመ። ሲሆን ሲሆን አንዱ ጎበዝ ተሻግሮ በጣቱ ዛፉን መታ መታ ቢያደርገው ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ሰው አንዴ ከጠረጠረ ማየት አይፈልግም፤ የሚፈልገው መያዝ ነው።

አዱኛ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ምን ያጨቃጭቀናል? ደንብ አለን አይደለም? ያሰረ ይቅደም! ይሻገር እስቲ!»

«ያሰረ ይቅደም!» አለ ሕዝቡ።

ባህሩ ሁላችንንም አየን። ከዚያ ጫማውን አወለቀ።

መነን እጄን ያዘችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። «ዘሀቢያ፣ ምን ብዬ ልጸልይ?» አለችኝ። «ሽቦው ከያዘ ውሸታም ነው ብለው ይገድሉታል። ካልያዘ እውነተኛ ነበር ብለው ይቀብሩታል።»

ቢስሚላህ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምጨምርበት ጠፋኝ።

ባህሩ ሽቦው ላይ ወጣ። ከታች ጓንግ ግንድ እየነዳ፣ እንደ ቡሃቃ ሊጥ እየተገላበጠ ይወርዳል። እሱ እንደ ወትሮው ፈጥኖ አልሄደም፤ እግሩን በቀስታ እያሳረፈ፣ ክብደቱን እያቀለለ፣ ትንፋሹን እንኳ እየቆጠበ ነበር የሚሄደው። መሃል ላይ ሲደርስ ሽቦው ረገበና ቀጥ አለ። መነን «ማርያም!» ብላ ጮኸች። ሽቦው ያዘ። ባህሩ ማዶ ደረሰና ዛፉን ተደግፎ ቆመ።

ከዚህኛው ዳር እልል ያለ የለም። «አየህ ውሸታሙን!» አለ አንዱ። «ምስጥ በላው ያለው ይኸ ነው?» አለ ሌላው። ሰውየው በሕይወት በመሻገሩ የተናደደ ሕዝብ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ እንኳ ደስታዬን መደበቅ ነበረብኝ።

ባህሩ ከማዶ ይጮሃል፤ በውሃው ድምፅ አይሰማም። ዛፉን በመዳፉ ይመታል፣ በእጁ ተመለሱ ይላል። ሰው እንዳልሰማው ሲያይ ከራሱ ላይ ሻሹን ፈትቶ ያውለበልብ ጀመር።

«ምልክት እየሰጠ ነው!» አለ ሚሊሻው። «ጫካው ውስጥ ሰው አለ!»

«ፈጥነን እንውጣበት፣ ሳይደርሱ!» አለ ለይኩን። «ሁላችሁም፣ ባንዴ!»

ሠራተኞቹ ተገፋፉ። ፊተኛው ባየልኝ የሚሉት የጎጃም ጎልማሳ ነበር፤ ማጭዱን ጀርባው ላይ አስሮ የዲዛውን መወጣጫ ያዘ። ከኋላው ሌሎች፣ ከእነሱ ኋላ ሚሊሻዎቹ። ባየልኝ አንድ እግሩን ሽቦው ላይ አሳረፈ።

መነን የምታየው ባየልኝን አልነበረም፤ ባሏን ነበር። ባህሩ ሻሹን ጣለ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፤ የብሎን ቁልፉ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚንጠለጠለው። ሮቃው ሥር ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ መነን እጄን ለቅቃ ሮጠች፤ የባየልኝን መቀነት ከኋላ ጨብጣ በሙሉ ኃይሏ ወደ ኋላ ጎተተችው። ተያይዘው ሌሎቹ ላይ ወደቁ።

ሽቦው እንደ ጅራፍ ጮኸ። ከማዶው ዛፍ ተፈቶ በአየር ላይ ተጠማዘዘና ጓንግ ውስጥ ገባ። ውሃው ወዲያው ይዞት ወደ ታች ነጎደ፤ የእጅ መያዣው ናይሎን ብቻ ባዶውን ተወጥሮ ቀረ።

ለይኩን ተኮሰ። ባህሩ ሰሊጡ ውስጥ ገባ፤ ሰሊጡ ተነቃነቀ፣ ተነቃነቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። ስንት ሰው መሬት ላይ ወድቆ እያለቀሰ፣ እየተሳደበ፣ ባህሩን እየረገመ እንደነበር አልነግራችሁም። አዱኛ ራሱን ይዞ «ሰሊጤ! ሰሊጤ!» ይላል። ባየልኝ ከመሬት ተነስቶ አቧራውን ሳያራግፍ መነንን አያት።

«ምን በደልነው፣ እታለም? እንጀራችንን ለምን ቆረጠብን?»

«አላወቃችሁም እንጂ አትርፏችኋል» አለችው።

ለይኩን ጠመንጃውን እንደያዘ እህቱ ፊት ቆመ። «ሊፈታው እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

«ባሌ ነው።»

«አስቀድሞ ነግሮሻል።»

«አልነገረኝም። የማይሰሙት ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? እኔም እሱ ቦታ ብሆን እፈታው ነበር።»

ይህን ያለችው የወንድሟን ዓይን እያየች ነው። የጠረጠረችውም፣ የዋሸችውም፣ የፈራችውም ሁሉ ከላይዋ ላይ የወረደ ይመስል ነበር። ቀንቼባታለሁ፤ እውነቴን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቤቷ ተቆልፎ ተገኘ። ስንቅ ቋጥራ፣ በላይኛው መንገድ፣ በጫካው ዞራ፣ ወደ ድልድዩ ሄዳለች። ሽፍታ የሚፈራበትን መንገድ ባሏን ፍለጋ ብቻዋን ገባችበት። መንደሩ ይህን ሲሰማ አዘነ ብላችሁ ነው? «ተመለከታችሁ?» አሉ ሱቄ በር ላይ ተሰብስበው። «ከእነሱ ጋር ባትሆን ኖሮ በዚያ መንገድ ለመሄድ አትደፍርም ነበር።» ሚዛኔን አነሳሁና ዛሬ የምሸጠው የለም፣ ውጡልኝ ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው።

ከቀትር በኋላ ለይኩን አስከፈተኝ። ገባ፤ ሣጥኑ ላይ አልተቀመጠም።

«ምን መክረሻት ነው የሄደችው?»

«ባሏን አመነችው። ሌላ የሠራችው ወንጀል የለም።»

«አንቺስ?»

«እኔም አምኜዋለሁ። ውሃው ሲጎድል ተሻገርና ዛፉን እየው፤ ከዚያ ና ጠይቀኝ።»

ለይኩን ወንዙን አየ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ይመስለኛል። እህቱ ናት፤ ያሳደጋት ናት። አንጀቴን በላኝ። «እንኳን አንተ እኔም ጠርጥሬው ነበር» ልለው አፌን ስከፍት ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ዲዛው ሥር፣ አንድ ሚሊሻ ይቀመጣል። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ፣ ምን ገዝቶ እንደሚሄድ ያያል። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ትናንት ፀሐዩ ሲበረታበት አሳዝኖኝ ሻይ ልኬለት ነበር፤ አሽትቶ መለሰው።